ስታሸንፍ የሁላችን፣ ስትሸነፍ የማን ናት?



በዚህ አምድ ብዙውን ጊዜ ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት እንጨዋወታለን። ዛሬም ከዚያ ብዙ አልርቅም። ነገር ግን ምግብም ሆነ መድኃኒት ብቻውን የማይፈታው፣ ሁለቱንም ግን የሚነካ አንድ ጉዳይ ይዤ ቀርቤያለሁ። እርሱም የሚሮጡ ሴት ልጆቻችን የልብና የአእምሮ ጤና ነው።

ሀገራችን ሴት ሯጮቿን ትወዳለች። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ አጥልቃ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ከሆነች ወዲህ፣ በአርሲ፣ በባሌ፣ በሸዋና በሌሎችም አካባቢዎች ገና ጎህ ሳይቀድ ለሩጫ የሚነሱ ልጃገረዶች በርክተዋል። ከእነዚህ መካከል የሙስሊም ቤተሰብ ልጆችም ጥቂት አይደሉም። ልጅቷ ስታሸንፍ ሰፈሩ ይወጣል፣ በግ ይታረዳል፣ የማያውቃት ሁሉ «የእኛ ልጅ» ይላታል። ስትሸነፍስ? ስልኳ ዝም ይላል። ሲያቅፋት የነበረው ዘመድ «ምን ነካት?» እያለ ከሩቅ ይጠይቃል።

እስኪ አንድ ቀላል ሒሳብ እናስላ። ሃያ ልጆች በሮጡበት ውድድር የምታሸንፈው አንዲት ናት። የቀሩት አሥራ ዘጠኙ በዚያ ቀን ተሸንፈው ወደ ማረፊያቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ ስለ ሴት ሯጮች እናስባለን ካልን ከሁሉ በፊት ማሰብ ያለብን ስለ ተሸናፊዎቹ ነው። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ለአንዲት ወጣት ስፖርተኛ የአእምሮና የስሜት ድጋፍ ማድረግ ለታዋቂዎች ብቻ የተተወ ቅንጦት አይደለም። ድጋፉ የሚጀምረውም ከሐኪም ክፍል ቀድሞ ነው። በቂ ምግብ በመብላቷ፣ ከሰዓቷ ሌላ ስለ ራሷ የሚጠይቃት ሰው በመኖሩ፣ ተሸንፋም የምትመለስበት ቤት እንዳላት በማወቋ ይጀምራል።

ሸክሙ ምን ያህል ነው?

ብዙዎቹ ከቤት የሚወጡት በ15 ወይም በ16 ዓመታቸው ነው። ገሚሶቹ ወደ ማሠልጠኛ ማዕከል ይገባሉ። ገሚሶቹ ደግሞ አዲስ አበባ ዳር ወይም ልምምድ ወዳለበት ከተማ መጥተው ለሦስትና ለአራት አንድ ክፍል ይከራያሉ። እናታቸውን፣ ጓደኞቻቸውን፣ ቋንቋና ልማድ የሚጋሩትን ጎረቤት ትተው ነው የሚመጡት። ብዙዎቹም ትምህርታቸውን አቋርጠዋል። ቤተሰቡ ደግሞ ይጠብቃል። የታናሽ ወንድም የትምህርት ቤት ወጪ፣ የቤቱ ቆርቆሮ፣ የአባት ሕክምና ሁሉ በአንዲት ልጅ እግር ላይ ይጫናል። እግሯ ሲታመም ታዲያ የሚያማት እግሯ ብቻ አይደለም። መላ ቤተሰቡ አብሯት የታመመ ያህል ይሰማታል።

እንዲህ ያለች ልጅ «ድብርት ይዞኛል» ብላ አትመጣም። እኛ ሐበሾች የልባችንን ሕመም በአካላችን ነው የምንናገረው። «ራሴን ወጥሮ ይዞኛል»፣ «ጨጓራዬ ይነድዳል»፣ «ልቤ ይመታል»፣ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» እንላለን። በመድኃኒት ቤት መስኮት በኩል የሚደርሰኝም ይኸው ነው። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል፣ «ለድካም» ቫይታሚን፣ ውድድር ሲቃረብ ደግሞ «እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር» ይጠየቃል። ክኒኑን ሰጥቶ መሸኘት ቀላል ነው። «ከመቼ ጀምሮ ነው? ምግብ ትበያለሽ ወይ? እዚህ ማን አለሽ?» ብሎ መጠየቅ ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አንዳንዴ ትክክለኛው መልስ የሚመጣው ከእንባ ጋር ነው።

ባዶ ሰውነት የሐዘን ጎረቤት ነው

የአእምሮን ጉዳይ ከምግብ መለየት አይቻልም። ልጅቷ ከበላችው ላይ በልምምድ ያቃጠለችው ሲቀነስ የሚተርፈው ጉልበት ለልብ፣ ለአጥንት፣ ለሆርሞንና ለአእምሮ ሥራ መብቃት አለበት። ካልበቃ ሰውነት ገቢ እንዳነሰው ቤተሰብ ወጪ መቀነስ ይጀምራል። በመጀመሪያ ከሚቆርጣቸው ነገሮች አንዱ የወር አበባ ነው። ቀጥሎ አጥንት ይሳሳል፣ ጉንፋን ይመላለሳል፣ ቁስል ቶሎ አይድንም፣ እንቅልፍ ይታወካል፣ ጠባይ ይለወጣል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ይህን ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ2014 በስፖርት የሚከሰት አንጻራዊ የጉልበት እጥረት ብሎ ሰይሞታል፤ በ2018 እና በ2023ም መግለጫውን አሻሽሏል። ድብርትና ጭንቀት የዚህ እጥረት ውጤት ሊሆኑ ይችላሉ። በተቃራኒውም ጭንቀቱ ራሱ ምግብ እንዳትበላ ሊያደርጋት ይችላል። ሁለቱ እየተጋገዙ ልጅቷን ወደ ታች ይስቧታል።

እዚህ ላይ ለሙስሊም እናቶች የምነግራችሁ ነገር አለ። እኛ ሴት ልጆቻችንን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሐይድ ቀናቸውን እንዲቆጥሩ እናስተምራለን። ሶላት የሚቆምበትንና የሚጀመርበትን ቀን፣ ከረመዳን የጎደለውን ቀዷ ማውጣትን መድረሳ ውስጥ ተምረነዋል። ይህ ዕውቀት ለዒባዳ ብቻ ሳይሆን ለጤናም ትልቅ ሀብት ነው። ሯጭ ልጃችሁ ረመዳንን ሙሉውን ያለ አንድ ቀን ማቋረጥ ከጾመችና ቀዷ የሚባል ከሌለባት፣ ከማመስገናችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጠይቋት። ሻዕባንና ሸዋልም እንዲሁ ካለፉ ሦስት ወር ሆኗል ማለት ነው። የወር አበባ ለሦስት ወር ከቀረ፣ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ጨርሶ ካልመጣ፣ ሐኪም ሊያያት ይገባል። በሯጮች መካከል «ተገላገልኩ» የሚል አነጋገር አለ፤ ጥሩ የመሠልጠን ምልክት አድርገው የሚቆጥሩትም አሉ። ፈጽሞ አይደለም! ሰውነት የሚያሰማው የእርዳታ ጥሪ ነው።

ሌላው የደም ማነስ ነው። ሴት ሯጭ በወር አበባ ደም ታጣለች፣ በላብም ጥቂት አይረን ይወጣል፣ የልምምዱም ጫና ፍላጎቷን ከፍ ያደርገዋል። አይረን ሲያንሳት ትደክማለች፣ ሐሳቧን መሰብሰብ ያቅታታል፣ ትበሳጫለች። አሠልጣኟ «ሰነፈች» ይላል፣ እርሷም ታምነዋለች። ቀላል የደም ምርመራ ነገሩን ሊለየው ይችላል። ከተገኘባት ሕክምናው ውድ አይደለም። ክኒኑን ከሎሚ ወይም ከብርቱካን ጋር ትውሰደው። ከምሳ በኋላ የምትፈላዋን ቡናና ሻይ ግን ከክኒኑም ከምግቡም ቢያንስ አንድ ሰዓት ታርቃት። ቡናም ሻይም አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉና። ምርመራ ሳይደረግ «ለጉልበት» ተብሎ የአይረን መርፌ መወጋት ደግሞ አደጋ አለው፤ ከመጠን ያለፈ አይረን ጉበትን ይጎዳል።

ስለ ረመዳንም አንድ ቃል። የምትጾም ሯጭ ሸክሙ እንዲቀልላት እንጂ «ትችይዋለሽ» እየተባለ እንዲከብድባት አይገባም። ከባድ ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ ወይም ወደ ኢፍጣር ሲቃረብ ቢሆንላት፣ ሱሑሯ በሻይና በዳቦ ብቻ ሳይሆን በእንቁላል፣ በወተት፣ በገንፎ ወይም በበሶ ቢሆን፣ ሌሊቱ ለተቆራረጠባትም ቀን እንድትተኛ ቢፈቀድላት መልካም ነው። ከ14 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ከእንቅልፍ የተራበ አእምሮ ትንሹን ነገር ሁሉ ተራራ ያደርገዋል።

በመስኮት በኩል የማይገኝ መፍትሔ

የመድኃኒት ባለሙያ ነኝና ስለ ሦስት ነገሮች በግልጽ ልናገር።

አንደኛ፣ የወር አበባን ለማዘግየት የሚወሰደው፣ ሰዎች ፕሪሞሉት እያሉ የሚጠሩት ኖርኢቲስቴሮን ነው። ለሐጅና ለረመዳን የሚጠይቁት እህቶች እንዳሉ ሁሉ ለውድድር ቀን የሚፈልጉትም አሉ። በሐኪም ምክር ለአጭር ጊዜ ሊወሰድ ይችላል። ነገር ግን ራስ ምታት፣ የሆድ መነፋትና የስሜት መውረድ ሊያስከትል ይችላል። የደም መርጋት ታሪክ ያለባት ደግሞ መውሰድ የለባትም። ለአሠልጣኝ ምቾት በየውድድሩ እየተደጋገመ የሚሰጥ ነገር አይደለም። በተጨማሪም የወር አበባዋ ለቀረባት ልጅ ሆርሞን ያለው ክኒን ተሰጥቷት ደም ቢፈስ «ዳነች» ማለት አይደለም። ክኒኑ ደሙን አመጣው እንጂ የተራበው ሰውነት አልጠገበም።

ሁለተኛ፣ የእንቅልፍ ክኒን ነው። ዳያዜፓምና መሰሎቹ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ አይደሉም። ለጥቂት ቀናት ቢያስተኙም ይለመዳሉ፣ በማግስቱም ሰውነትን ያዝላሉ። ከውድድር በፊት ባለው ሌሊት እንቅልፍ ማጣት ብዙ ሯጮች የሚያውቁት ነገር ነው። ከአንዲት ሌሊት ይልቅ ከዚያ በፊት ያለፈው ሳምንት እንቅልፍ ይበልጥ ይጠቅማል ብሎ ማስረዳት ከክኒኑ የተሻለ ያረጋጋል።

ሦስተኛ፣ ጉሉኮስ ነው። በእኛ ሀገር የደከመው ሁሉ ጉሉኮስ ይተከልልኝ ይላል። ሯጮች ግን ይወቁ፦ ለተገቢ የሆስፒታል ሕክምና ካልሆነ በቀር በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ የተከለከለ ነው። ክብደት ለመቀነስ የሚወሰዱ ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶችም እንዲሁ። በዚያ ሕግ ስፖርተኛዋ በሰውነቷ ውስጥ ለተገኘው ነገር ሁሉ ተጠያቂ ናት። «ሌላ ሰው ሰጠኝ» ማለት አያድናትም። አስቡት እንግዲህ! የ17 ዓመት ልጅ፣ የክኒኑን ስም እንኳ የማታነብ፣ ሰው በሰጣት ነገር ስሟ ጠፍቶ ስትታገድ ሸክሙን ማን ይሸከምላታል?

በሌላ በኩል ሐኪም ለድብርት መድኃኒት ካዘዘላት «ዶፒንግ ይሆንብኛል» ብላ እንዳትጥለው። ለምሳሌ ፍሉኦክሰቲን በተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ የለም። ዝርዝሩ በየዓመቱ ስለሚታደስ ስፖርተኛ መሆኗን ለሐኪሟ ትንገር። እነዚህ መድኃኒቶች ለመሥራት ሳምንታት ይወስዳሉ፤ በድንገት አይቋረጡም። በተለይ በወጣቶች ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቅርብ ክትትል ያስፈልጋል።

«ኢማኗ ደክሞ ነው» ለሚሉ

በማኅበረሰባችን ውስጥ ልጅቷ ስትከፋ የሚሰጣት የመጀመሪያው መድኃኒት ወቀሳ ነው። «ቁርአን አትቀሪም እንዴ? ሶብር የለሽም? ይህ የኢማን ድክመት ነው» ትባላለች። ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪጠፋ ማልቀሳቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዓይናቸው እንባ አፍስሷል። የእነርሱን ኢማን ማን ይለካል? ሐዘን የኢማን ማነስ ቢሆን ኖሮ ነቢያት አያለቅሱም ነበር።

ዱዓ ልብን ያሳርፋል፣ ሶላት ቀኑን ሥርዓት ያስይዘዋል፣ ከጀማዓ ጋር መሆን ከብቸኝነት ያወጣል። ይህንን አልክድም፤ እኔም የምኖርበት ነው። ነገር ግን የተሰበረ አጥንት ያላትን ልጅ ዱዓ አድርገን ጄሶ ቤት እንደምንወስዳት ሁሉ፣ የተሰበረ ልብ ያላትንም ዱዓ አድርገን ወደ ባለሙያ እንውሰዳት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም ያዘዙት ለሥጋ ብቻ ለይተው አይደለም። ሩቅያ ያስቀራችላችሁ ሰው ሐኪም ከከለከለ ግን እርሱን ተጠንቀቁት።

ታላላቆቹም ይፈራሉ

ፍርሃትና ጭንቀት የደካሞች ብቻ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ ኦሎምፒክ አሜሪካዊቷ የጂምናስቲክ ስፖርተኛ ሲሞን ባይልስ አእምሮዬ ደህና አይደለም ብላ ከቡድን ፍጻሜው ወጣች። በአየር ላይ ስትገለባበጥ ሰውነቷ የት እንዳለ ማወቅ አቅቷት ነበር። በዚያ ሁኔታ ብትቀጥል አንገቷን ልትሰበር ትችል ነበር። የሰደቧት ብዙዎች ነበሩ። ሕክምናዋን ወስዳ፣ ጊዜ ሰጥታው፣ በ2024 ፓሪስ ላይ ሦስት ወርቅ አገኘች። ያዳናት መቆሟ ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። አዳማ የተወለደችው፣ በ15 ዓመቷ በስደት ወደ ኔዘርላንድ የሄደችው ሲፋን ሐሰን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023፣ ከዒደል ፊጥር ሁለት ቀን በኋላ፣ በለንደን የመጀመሪያ ማራቶኗን ሮጠች። ውድድሩ ጠዋት ፍርሃት አስለቅሷት እንደነበር ራሷ ተናግራለች። መንገድ ላይ ቆማ ዳሌዋን እያፍታታች፣ ከመሪዎቹ ወደ ኋላ ቀርታም አሸነፈች። በዚያው ዓመት ነሐሴ ቡዳፔስት ላይ በ10,000 ሜትር ፍጻሜ መጨረሻዋ መስመር ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት ወድቃ 11ኛ ወጣች። በ2024 ደግሞ ፓሪስ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸንፋ ሜዳሊያዋን በሒጃብ ተቀበለች። ልጆቻችን የመጨረሻውን ሥዕል ብቻ ነው የሚያዩት። እንባውንና ውድቀቱንም ንገሯቸው። «ፈራሁ» ማለት ከሩጫ እንደማያስወጣ ይወቁ።

የአሠልጣኝ በር ክፍት ይሁን

የድጋፍ ተቃራኒው ቁጥጥር ነው። ጫማዋን የሚገዛ፣ ውድድር የሚመርጥ፣ ገንዘቧን የሚይዝ፣ ምን እንደምትበላና ከማን ጋር እንደምታወራ የሚወስን አንድ ሰው ከሆነ፣ ያ ሰው ቢበድላት ለማን ትናገራለች? በጎረቤታችን ኬንያ አግነስ ቲሮፕ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 በ25 ዓመቷ ኢተን በሚገኘው ቤቷ ተገድላ ተገኘች፤ በግድያው የተከሰሰው ባለቤቷ ነው። በፓሪስ ማራቶን የሮጠችው ዩጋንዳዊት ርብቃ ቼፕቴጌይም በ2024 የቀድሞ አጋሯ ቤንዚን አርከፍክፎ ካቃጠላት በኋላ ሕይወቷ አልፏል። ሁለቱም ዓለም የሚያውቃቸው ሯጮች ነበሩ። ስምና ሜዳሊያ አላዳናቸውም።

አብዛኛው አሠልጣኝ ቅን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያለ በቂ ደመወዝ የሰው ልጅ የሚያሳድጉ አሉ። ቅን አሠልጣኝ ግን የሚከተሉት ነገሮች አያስቀይሙትም። አንደኛ፣ ልጅቷ ከወንድ አሠልጣኝ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻዋን አትሁን። ኸልዋን የከለከለው ሃይማኖታችን ይህንን ከብዙ ዘመን በፊት አስተምሮናል፤ እዚህ ላይ ሃይማኖቱም የልጆች ጥበቃ ሳይንሱም አንድ ቃል ናቸው። ሁለተኛ፣ የባንክ ደብተሩ በስሟ ይሁን፤ አካለ መጠን ካልደረሰች ወላጅ ያስተዳድርላት። ሦስተኛ፣ በካምፑ ውስጥ ስለ ወር አበባና ስለ ጭንቀት ልትነግራት የምትችል አንዲት ታላቅ ሴት ትኑር። አራተኛ፣ ክብደቷ በጓደኞቿ ፊት አይመዘን፣ «ወፍረሻል» እየተባለ አይቀለድባት። ከእንዲህ ያለ ቀልድ ተነስተው ምግብ የተዉ ልጆች አሉና።

«ታዲያ ለምን አትተወውም?»

አንዳንድ አንባብያን እስካሁን ያነበቡትን ይዘው «ይህ ሁሉ ጣጣ ካለው ሴት ልጅ ምን አስሮጣት? ቤቷ ብትቀመጥስ?» ማለታቸው አይቀርም። ጥያቄውን አልንቀውም፤ ከስጋት የመጣ ነውና። ነገር ግን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ሩጫ ተወዳድራ አንድ ጊዜ እርሷ፣ ከጊዜ በኋላ ደግሞ እርሳቸው እንደቀደሙ የምናውቀው ታሪክ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚነካኝ መሮጧ ብቻ አይደለም። ማሸነፍም መሸነፍም በፍቅርና በጨዋታ መካከል ማለፉ ነው። ስትቀድምም ስትቀደምም የምትወደድ ነበረች። ድጋፍ ማለት ይኼ ነው!

ደግሞም ልጅቷ ከሁለት ወገን ተጨንቃለች። በአንድ በኩል በሜዳ «ሒጃብሽን አውልቂ» የሚላት አለ። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2014፣ የቅርጫት ኳሱ ፊባ በ2017 ሒጃብን እስኪፈቅዱ ድረስ ስንት ልጆች ከሜዳ ቀርተዋል። በ2024ም ፈረንሳይ ራሷ ባዘጋጀችው ኦሎምፒክ ለገዛ ስፖርተኞቿ ሒጃብ ከልክላለች። በሌላ በኩል በቤቷ «ወደ ሜዳ መሄድሽን አቁሚ» የሚላት አለ። ሁለቱ በሮች በአንድ ጊዜ ሲዘጉባት የት ትሂድ? መከራከር ካለብን አዋቂዎች እርስ በርሳችን በአደብ እንከራከር። የክርክሩ ሜዳ ግን የልጅቷ ልብ አይሁን።

ምን እናድርግ?

ወላጆች ሆይ፣ ስትደውሉላት የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ስንተኛ ወጣሽ?» አይሁን። «በላሽ ወይ? ተኛሽ ወይ? ማን አለ ከጎንሽ?» በሏት። የላከችላችሁን ገንዘብ ስታመሰግኑ ያልላከችበትንም ወር አመስግኑ። ከቻላችሁ ትምህርቷን በማታም ቢሆን እንድትቀጥል አድርጉ። ሩጫ በአንድ ጉዳት ሊያበቃ ይችላል። ሌላ ነገር የምታውቅ ልጅ ግን ሩጫው ሲያበቃ አብራ አታበቃም። ከሁሉ በላይ ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ንገሯት፦ «ባይሳካልሽም ቤትሽ ይኸው ነው።» በአፍ የማትነገር ይመስለን ይሆናል፤ ታውቀዋለች እንላለን። ብዙዎቹ ግን አያውቁትም።

ኡስታዞችና የመድረሳ መምህራን፣ ከገጠር መጥተው በሰፈራችሁ የሚኖሩ ሯጭ ልጆችን ፈልጓቸው። የጁሙዓ ቀን ምሳ፣ የረመዳን ኢፍጣር፣ የዒድ ቀን ግብዣ ለብቸኛ ልጅ ከምክር ሁሉ ይበልጣል። ሴቶች ጀማዓዎች ይህን ቢይዙት ምንኛ ባማረ!

እናንተ ሯጭ እህቶቼ፣ እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ። እ.ኤ.አ. በ2009 በኒው ዮርክ ማራቶን ደራርቱ ወደ ኋላ የቀረችውን ተፎካካሪዋን ፓውላ ራድክሊፍን «ነዪ፣ እንሂድ» እያለች ታበረታታት እንደነበር በወቅቱ በስፋት ተዘግቧል። በዚያም ውድድር በ37 ዓመቷ አሸናፊዋ ራሷ ደራርቱ ነበረች። ለሌላው ማሰብ ፍጥነት አይቀንስም። ጓደኛሽ ምግቧን እየገፋች ከሆነ፣ ካወራች ሰነባብታ ከሆነ፣ ከልምምድ በኋላ ብቻዋን የምታለቅስ ከሆነ አትለፊያት።

የሚከተሉት ምልክቶች ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በአብዛኛው ቀን ከታዩ ባለሙያ ያስፈልጋል። የማይለቅ ሐዘን ወይም ብስጭት፣ ትወደው የነበረውን ነገር መጥላት፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ከመጠን ያለፈ መተኛት፣ ምግብ መተው ወይም በልቶ ማስመለስ፣ «ከንቱ ነኝ» ማለት። «ብሞት ይሻለኝ ነበር» የሚል ቃል ከተሰማ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፣ ያን ዕለት ነው። «ሞትን አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ በርኅራኄ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርባትም፤ ይልቁንም የመናገሪያ በር ይከፍትላታል። ቶሎ ብላችሁ «ሐራም ነው» አትበሏት። ሐራምነቱን ታውቃለች፤ የማታውቀው የሚሰማት ሰው እንዳለ ነው። ብቻዋን አትተዉአት፣ በአቅራቢያዋ ያሉ መድኃኒቶችን አንሱ፣ ይዛችኋት ሂዱ። በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። በየክልሉ ካሉ ትላልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው አሉ። አማኑኤል መሄድ «አበደች» ማለት አይደለም። ጥርሷን ያመማት ወደ ጥርስ ሐኪም እንደምትሄደው ማለት ነው።

ውድ አንባብያን፣ ልጆች በእጃችን ያሉ አማናዎች ናቸው። አማና ደግሞ በወርቅ ሲመለስ ብቻ የምንቀበለው፣ ባዶ እጁን ሲመጣ የምንገፋው ዕቃ አይደለም። ዛሬ ማታ ከቤት ርቃ የምትሮጥ ልጅ፣ እህት ወይም የእህት ልጅ ካለቻችሁ ስልኩን አንሱና ደውሉላት። ስለ ሰዓቷ አትጠይቋት።

አላህ ልጆቻችንን በአካልም በልብም ይጠብቅልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።